ጀልባ የሚጎትት ያገለገለ መኪና ሲገዙ፦ ከሞተሩ በፊት ወረቀቱን ይመልከቱ

በአሽዶድ የሚኖሩ አንድ አባት በቅርቡ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘው ወደ እኛ መጡ። ልጃቸው አምስት ሜትር የምትሆን ያገለገለች የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከነተጎታቿ በጥሩ ዋጋ ገዝቷል። የቀረው ጀልባዋን ወደ ባሕር፣ አልፎ አልፎም ወደ ኪኔሬት የሚያደርስ መኪና ነበር። አባትየው ካጠራቀሙት ገንዘብ ሊያግዙት ወሰኑና ልጃቸው ሥራ ላይ ሳለ መኪና ሊያዩ ሄዱ። ጊዜው መሽቶ ነበር። ሻጩ «ሞተሩ ጠንካራ ነው፣ የመጎተቻ መንጠቆም አለው፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» አላቸው። በዕብራይስጥ የተጻፈውን ወረቀት ያነበበላቸው አብሯቸው የሄደው የ14 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው። «አባባ፣ 2,000 ሸቀል መያዣ ይስጡ ይላል» አላቸው። ፈረሙ፤ ገንዘቡንም ሰጡ።

በማግስቱ ልጃቸው የመኪናውን መረጃ ሲያጣራ፣ መኪናው ጀልባዋን እንዲጎትት ያልተፈቀደለት ሆኖ አገኘው። መንጠቆውም በመኪናው ሪሽዮን ላይ አልተመዘገበም። ወረቀቱ ደግሞ «ገዥው ሐሳቡን ከቀየረ መያዣው አይመለስም» የሚል መስመር ነበረው። የልጅ ልጃቸው ያንን መስመር ዘሎታል። ቢያነበውም የውል ቃል ለ14 ዓመት ልጅ አይገባውም፤ በልጁ አይፈረድም።

አባትየው ታሪኩን የነገሩን ሌላው እንዲማርበት ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ጀልባ ወይም ሌላ ተጎታች የሚስብ ያገለገለ መኪና እንዴት እንደሚመረጥ ደረጃ በደረጃ እናያለን። ጀልባ ለሌለውም ይጠቅማል፤ የአትክልት መሣሪያ፣ የግንባታ ዕቃ ወይም የገበያ ሸቀጥ በተጎታች የሚጭኑ ብዙ ወገኖች አሉንና።

ትምህርት አንድ፦ የሚወስነው ክብደት ነው

ጣና ዳር ያደጉ አባቶቻችን ከደንገል የተሠራውን ታንኳ ያስታውሳሉ። ሥራው ሲያልቅ ከውኃ ተጎትቶ ይወጣና ዳር ላይ ይደርቃል፤ መኪና አያሻውም። የዛሬዋ የፋይበርግላስ ጀልባ ግን ከነሞተሯና ከነዕቃዋ ወደ አንድ ቶን ትጠጋለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የጀልባዋን ክብደት ብቻ ይጠይቅና ሌላውን ይረሳል።

አምስት ሜትር ለሆነች ጀልባ አንድ ምሳሌ እናስላ፦

ባዶ ጀልባ፦ 430 ኪሎ
60 የፈረስ ጉልበት ያለው የኋላ ሞተር፦ 115 ኪሎ
50 ሊትር ቤንዚን፦ 37 ኪሎ ገደማ
ባትሪ፦ 20 ኪሎ
መልሕቅ፣ ገመድ፣ መረብና የሕይወት ጃኬቶች፦ 38 ኪሎ
የዓሣ ሳጥን ከነበረዶው፦ 30 ኪሎ
ተጎታቹ ራሱ፦ 280 ኪሎ

ድምሩ 950 ኪሎ ነው። «ጀልባዋ 430 ኪሎ ናት» ያለ ሰው አልዋሸም፤ መኪናው የሚስበው ግን ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። የእርስዎ ጀልባ ከዚህ ሊቀል ወይም ሊከብድ ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን ጀልባዋን ከነሙሉ ዕቃዋ ተጎታቹ ላይ ጭኖ የጭነት መኪና ሚዛን ባለበት ቦታ ማስመዘን ነው። ለሚዛን የሚከፈለው ገንዘብ በስሕተት ከተገዛ መኪና ኪሳራ ጋር አይወዳደርም።

ክብደቱን ካወቁ በኋላ ቢያንስ ሩቡን ያህል ትርፍ ይጨምሩበት። ለ950 ኪሎ 1,200 ኪሎ ገደማ ለመጎተት የተፈቀደለት መኪና ይፈልጉ። ትርፉ ለዳገት፣ ለበጋው ሙቀትና በመኪናው ውስጥ ለሚቀመጡ ሰዎች ነው። አምስት ሰው ከነጓዙ የተሳፈረበት መኪና ባዶውን እንደሚሄድ መኪና አይጎትትም።

ትምህርት ሁለት፦ በወረቀት ላይ የሚፈለጉት ቁጥሮች

መኪና ከማየትዎ በፊት ሻጩ የመኪናውን ሪሽዮን ፎቶ በስልክ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። በአገር ቤት «ሊብሬ» የምንለው ዓይነት ወረቀት ነው። ፎቶውን የማይልክ ሻጭ ጊዜዎን ሊያባክን ነው፤ ይለፉት። በመኪናው ቁጥርም በትራንስፖርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ብዙ መረጃ ይገኛል።

አንደኛው ቁጥር የመጎተት አቅም ነው፤ በዕብራይስጥ «ኮሸር ግሪራ» ይባላል። ይህ ቁጥር ሁለት ነው። «ኢም በላሚም» ማለት የራሱ ፍሬን ላለው ተጎታች፣ «ብሊ በላሚም» ማለት ፍሬን ለሌለው ተጎታች የተፈቀደው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ፍሬን ላለው ተጎታች 1,300 ኪሎ የተፈቀደለት መኪና ፍሬን ለሌለው 450 ኪሎ ብቻ ሊፈቀድለት ይችላል። ሻጭ ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር ይናገራል። ስለዚህ በመጀመሪያ የራስዎ ተጎታች ፍሬን እንዳለውና እንደሚሠራ ይወቁ። ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ጀልባ ፍሬን በሌለው ተጎታች ላይ መጫን የለበትም።

ሁለተኛው መንጠቆው ነው፤ «ቫቭ ግሪራ» ይባላል። መንጠቆ በመኪናው ላይ ተሰክቶ መታየቱ አይበቃም፤ ተፈቅዶ በሪሽዮኑ ላይ መመዝገብ አለበት። በሠፈር ጋራዥ የተበየደ ያልተመዘገበ መንጠቆ አደጋ ቢደርስ የኢንሹራንስ ኩባንያው ክርክር እንዲያነሳ በር ይከፍታል። አንዳንድ መኪኖች፣ በተለይም የተወሰኑ ሃይብሪድ መኪኖች፣ በአምራቹ በኩል ምንም እንዲጎትቱ አልተፈቀደላቸውም። በእነዚህ ላይ መንጠቆ ካዩ ለብስክሌት መስቀያ የተገጠመ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የራስዎ መንጃ ፈቃድ ነው። በ«ቤት» ደረጃ፣ ማለትም በተለመደው የቤት መኪና ፈቃድ፣ ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደቱ እስከ 3,500 ኪሎ የሆነ መኪና ይነዳል። ከኋላው የሚቀጠለው ተጎታች ደግሞ ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደቱ ከ1,500 ኪሎ መብለጥ የለበትም። እዚህ ላይ የሚቆጠረው በተጎታቹ ሪሽዮን ላይ የተጻፈው ጠቅላላ ክብደት ነው፤ ዕለቱን የተጫነው ብቻ አይደለም። 1,800 ኪሎ የተጻፈበት ተጎታች ግማሹ ባዶ ቢሆንም በዚህ ፈቃድ አይጎተትም።

ተጎታቹም የራሱ ሪሽዮን፣ የራሱ የሰሌዳ ቁጥርና የራሱ ዓመታዊ ምርመራ አለው። ጀልባዋ ከተጎታች ጋር ስትሸጥ የተጎታቹ ወረቀት አብሮ መተላለፉን ያረጋግጡ። ሞተር ላላት ጀልባ የጀልባ ፈቃድና የነጂ ፈቃድ፣ ዓሣ ለማጥመድ ደግሞ የማጥመድ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አይርሱ።

ትምህርት ሦስት፦ ምን ዓይነት መኪና?

ትንንሽ የከተማ መኪኖች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። መካከለኛ የቤተሰብ መኪና ለትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ ሊበቃ ይችላል። መካከለኛ ጂፕ መሰል መኪኖች ብዙ ጊዜ ፍሬን ላለው ተጎታች ከ1,500 እስከ 2,000 ኪሎ ይፈቀድላቸዋል፤ ለምሳሌያችን ጀልባ ይበቃሉ። ቴንደር የምንላቸው እንደ ኢሱዙ ዲማክስና ቶዮታ ሃይሉክስ ያሉት ደግሞ እንደ ሞዴላቸውና እንደ ዓመታቸው እስከ 3,000 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊፈቀድላቸው ይችላል። ሆኖም መንጃ ፈቃድዎ 1,500 ላይ ካቆመ ለትርፉ አቅም በከንቱ አይክፈሉ።

የኋላ ጎማው ወይም አራቱም ጎማ የሚገፋ መኪና ጀልባ ከውኃ ሲያወጣ ይመረጣል። ጀልባ የሚወርድበትና የሚወጣበት ተዳፋት እርጥብና በአረንጓዴ ዝቃጭ የሚያዳልጥ ነው። የፊት ጎማው ብቻ የሚገፋ መኪና ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያመዝን የፊት ጎማዎቹ ይቀልሉና በከንቱ ይሽከረከራሉ።

በሌላ በኩል መኪናው በሳምንት ስድስት ቀን ለሥራ፣ አንድ ቀን ለጀልባ የሚውል ከሆነ ምርጫውን የሚወስነው ሥራው ነው። አትክልተኛ ወይም የእድሳት ሠራተኛ ለሆነ ልጅ ቴንደር እንጀራውን የሚያወጣበት መኪና ነው። ቢሮ ለሚሠራና በወር ሁለት ጊዜ ለሚያጠምድ ሰው ግን የከባድ መኪና ነዳጅና ኢንሹራንስ ዓመቱን ሙሉ የሚከፈል ዕዳ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጀልባዋን ውኃው አጠገብ የሚያቆምበት ቦታ ቢከራይ ወይም ወደ ቀላል ጀልባ ቢለውጥ ሊረክስለት ይችላል። መኪና ከመግዛትዎ በፊት ይህንን ሒሳብ ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብለው ይሥሩ።

ትምህርት አራት፦ ጀልባ ሲጎትት የኖረ መኪና የሚያሳያቸው ምልክቶች

«ይህ መኪና ጀልባ ሲጎትት ኖሯል፤ ይችላል» የሚል ሻጭ ያጋጥማል። መቻሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የደከመውም በዚያው ምክንያት ሊሆን ይችላል። በቀን ብርሃን፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እነዚህን ይመልከቱ።

ዝገት። የባሕር ጨው የመኪና ጠላት ነው። ጀልባ ሲወርድ የመኪናው የኋላ ክፍል ውኃ ይነካል። ዝቅ ብለው በስልክ መብራት ከሥር ይመልከቱ፦ ቻሲሱን፣ የፍሬን ቧንቧዎችን፣ የባሌስትራውን ማያያዣ፣ የመንጠቆውን ብሎኖች። ቀላል የገጽታ ዝገት አያስደነግጥም። በጣት ሲነካ የሚላጥ ወይም የሚፈረፈር ዝገት ካለ፣ ወይም ከሥሩ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ግን ጥያቄ ያንሱ።

ማርሽ። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና በመጎተት ብዙ ይሞቃል። የማርሽ ዘይቱ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው ካምቢዮው ተሠቃይቷል ማለት ነው፤ ጥገናውም ውድ ነው። በእጅ ማርሽ ከሆነ ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ይስጡት። የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል።

የኋላ ዲፈረንሻል። መካኒኩ ዘይቱን እንዲያይ ይጠይቁ። ዘይቱ እንደ ወተት ነጣ ካለ ውኃ ገብቶበታል።

ማቀዝቀዣ። የራዲያተሩን ውኃ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ከፍተው ይዩ። ዝገት የመሰለ ውኃ ወይም ዘይት ከታየበት መኪናው ሞቆ ያውቃል።

መንጠቆውና መብራቱ። መንጠቆው ዙሪያ ስንጥቅ፣ መጣመም ወይም አዲስ ብየዳ አለ? የኤሌክትሪክ መሰኪያው ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ዝጓል? ከቻሉ የራስዎን ተጎታች ይዘው ይሂዱና የፍሬን፣ የመታጠፊያና የማታ መብራቱ ሁሉ መሥራቱን አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ያረጋግጥ።

የኋላ መቀመጥ። መኪናው ባዶውን ቆሞ ኋላው ዝቅ ካለ ባሌስትራው ደክሟል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የዓይን ምርመራ ብቻውን አይበቃም። መኪናውን እርስዎ ወደ መረጡት የመመርመሪያ ተቋም፣ «መኾን ብዲካ» ወደሚባለው ይውሰዱ። «የታወቀ መካኒክ አለኝ፣ ወደ እሱ እንሂድ» የሚል ሻጭ ቢገጥምዎ አመስግነው እምቢ ይበሉ። ተቋሙ ምርመራውን ከመጀመሩ በፊት መኪናው ጀልባ ለመጎተት እንደሚፈለግ ይንገሯቸው፤ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ማቀዝቀዣና ቻሲስ ላይ የበለጠ ያተኩራሉ። ምርመራው ጥቂት መቶ ሸቀል ያስወጣል። ውጤቱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳል።

ትምህርት አምስት፦ ከመፈረም በፊት

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የያገለገሉ መኪኖች ሽያጭ ሕግ ሻጩ ስለ መኪናው ዋና ዋና እውነታዎችን እንዲገልጽ ያስገድዳል። መኪናው ስንት ባለቤት አሳልፏል? ከሊዚንግ፣ ከኪራይ ወይም ከመንጃ ትምህርት ቤት የመጣ ነው? ከባድ አደጋ ደርሶበታል? እነዚህን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቁ። በዓመታዊው ቴስት ላይ የተመዘገበውን ኪሎ ሜትር መኪናው ላይ ከሚታየው ጋር ያነጻጽሩ። ዋጋውን ደግሞ በሌዊ ይጽሐቅ የዋጋ ዝርዝር ያመሳክሩ። የባለቤቶች ብዛት፣ ከሊዚንግ መምጣትና ብዙ ኪሎ ሜትር ዋጋ የሚያስቀንሱ ናቸው።

መኪናው ዕዳ እንዳለበትም ያጣሩ። ሻጩ መኪናውን ለባንክ ብድር መያዣ አድርጎት ከሆነ ችግሩ ገዥው ላይ ይመጣል። የመያዣ መዝገብ፣ በዕብራይስጥ «ራሻም ሃማሽኮኖት»፣ በአነስተኛ ክፍያ ያሳውቃል። «ኢኩል» የሚባለው የፍርድ ቤት እግድ መኖሩንም ይጠይቁ።

አሁን ወደ አሽዶዱ አባት እንመለስ። እሳቸው የፈረሙት «ዚኽሮን ድቫሪም» የሚባለውን ነው። ስሙ ማስታወሻ ቢመስልም ዋጋውና ስምምነቱ ከተጻፈበት እንደ ውል ሊያስገድድ ይችላል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲቀርብልዎ ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ ዕብራይስጥ በደንብ የሚያነብ ዐዋቂ ሰው ሳያነብልዎ አይፈርሙ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቋንቋውን ቢያውቅም ሸክሙ የእሱ አይደለም። ነገሩ ሲበላሽ ልጁ «በእኔ ምክንያት ነው» ብሎ ያዝናል፤ ገንዘብ ከማጣት ይህ ይከፋል። ሁለተኛ፣ መያዣ መስጠት ግድ ከሆነ በወረቀቱ ላይ ይህ መስመር ይጻፍ፦ «ሽያጩ የሚጸናው ገዥው በመረጠው ተቋም የሚደረገው ምርመራ ካለፈ፣ መኪናው ዕዳ ከሌለበት፣ የመጎተቻ መንጠቆውም በሪሽዮኑ ላይ ተመዝግቦ ከተገኘ ነው፤ አለዚያ መያዣው ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።» ይህን መስመር ለመጻፍ እምቢ የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ሙሉ ክፍያው የሚሰጠው ባለቤትነቱ በሚተላለፍበት ሰዓት እንጂ በፊት አይደለም። ማስተላለፉን በፖስታ ቤት፣ ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ፣ መፈጸም ይቻላል። መኪናውን ከመንዳትዎ በፊት የግዴታ ኢንሹራንስ፣ «ቢቱአሕ ሆቫ»፣ ይኑርዎ። ጀልባዋና ተጎታቹ በመኪናው ኢንሹራንስ ይሸፈኑ እንደሆነም ወኪሉን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ይሸፈናሉ ብለው አይገምቱ።

ትምህርት ስድስት፦ መንገድ ላይ ከመውጣት በፊት

ጀልባዋ ተጎታቹ ላይ ስትቀመጥ የተጎታቹ አፍንጫ መንጠቆውን በመጠኑ መጫን አለበት። ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ አምስት እስከ ሰባት የሚሆነው ተስማሚ ነው፤ ለ950 ኪሎ ከ48 እስከ 66 ኪሎ ማለት ነው። የመንጠቆው ጣሪያም በአምራቹ የተወሰነ ስለሆነ እሱን አይለፉ። አፍንጫው በጣም ከቀለለ ተጎታቹ በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ በጣም ከከበደ የመኪናው ፊት ይነሳና መሪው ይቀላል። ለመመዘን የቤት ሚዛን ከአፍንጫው ሥር አስቀምጠው በመካከሉ ጠንካራ እንጨት ያቁሙ። ክብደቱን ለማስተካከል የበረዶ ሳጥኑንና ነዳጁን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያዛውሩ።

የኪኔሬት ውኃ ከባሕር ጠለል በታች 210 ሜትር ገደማ ነው። ከአሽዶድም ሆነ ከኔታንያ የሚሄድ ሰው ወደ ጥብርያ ሲቃረብ ረጅም ቁልቁለት ይጠብቀዋል፤ ሲመለስም ያንኑ ዳገት በበጋ ሙቀት ይወጣል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ይቀንሱ። ፍሬን ላይ እግር አሳርፎ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ በሚያስፈልግበት ሰዓት አይዝም። ተጎታቹ መወዛወዝ ከጀመረ ነዳጁን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ መሪውን በኃይል አያዙሩ፣ ፍሬንም በድንገት አይርገጡ።

ከባሕር ሲመለሱ ተጎታቹን፣ የመኪናውን ሥርና የፍሬኑን አካባቢ በንጹሕ ውኃ ይጠቡ። አሥር ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው፤ የመኪናውን ዕድሜ ግን ያረዝማል።

ቆርጠው የሚይዙት ዝርዝር

1. ጀልባና ተጎታች ከነሙሉ ዕቃው ስንት ኪሎ ነው? ተመዝኗል?
2. የተጎታቹ ሪሽዮን ላይ የተጻፈው ጠቅላላ ክብደት ከ1,500 በታች ነው? ፍሬኑስ ይሠራል?
3. የመኪናው «ኮሸር ግሪራ ኢም በላሚም» ከሁለቱም ቁጥሮች ይበልጣል?
4. «ቫቭ ግሪራ» በሪሽዮኑ ላይ ተመዝግቧል?
5. መኪናውን በቀን ብርሃን፣ ከሥሩም ጭምር አይቻለሁ?
6. እኔ የመረጥኩት ተቋም መርምሮ ውጤቱን በጽሑፍ ሰጥቷል?
7. ዕዳና እግድ አለመኖሩ ተጣርቷል?
8. ወረቀቱን ዐዋቂ ሰው አንብቦልኛል? መያዣው የሚመለስበት መስመር አለ?

ለአንዱ ጥያቄ እንኳ መልሱ «አላውቅም» ከሆነ ቀኑ የመፈረሚያ ቀን አይደለም።

የአሽዶዱ አባት 2,000 ሸቀላቸውን አላገኙም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከልጃቸው ጋር በቀን ሄደው፣ ሪሽዮኑን አስቀድመው አይተው፣ በራሳቸው ተቋም አስመርምረው፣ ለጀልባዋ የሚበቃ መኪና ገዙ። ወረቀቱን ያነበበው ልጃቸው ነው። የልጅ ልጃቸውም አብሯቸው ነበር፤ ሥራው ከተጎታቹ ኋላ ቆሞ «መብራቱ በርቷል፣ አባባ» ማለት ብቻ ነበር።